ሦስተኛው ፊልም ሳያልቅ

ሽፌ ሆዴ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ ብጀምር ትስቅብኛለህ፤ ስለዚህ ከራሴ ልጀምር። ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። አንተን ከሸኘንህ ወዲህ ቡናው ሁለት ጊዜ ቀልቶ ተለቅሟል፤ አሁን ደግሞ ዝናቡ ጀምሯል። ጓሮ ጥግ ላይ የተከልከው እንሰት ከአጥሩ በላይ ሆኗል። ጎረቤቱ ሁሉ ደርሷል፣ ተቆርጦ ለቆጮ ይፋቅ ይለኛል። እኔ ግን እሺ እያልኩ አቆየዋለሁ።

ትግስት በየእሁዱ ከሐዋሳ ትደውላለች። እማዬ ነይና ከእኔ ጋር ኑሪ፣ እዚያ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ ትለኛለች። አስብበታለሁ እላታለሁ፤ ስልኩን ዘግቼ ግን አላስብበትም። አልጋው ላይ አሁንም በግድግዳው በኩል ነው የምተኛው። አንድ ሰሞን መሃል ገብቼ ልተኛ ሞከርኩ፤ የሰው ቤት ያደርኩ መሰለኝና ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ብቸኝነቱ ከብዶኛል ሽፌ። ለሰው እንዲህ ብዬ አልናገርም፤ ላንተ ግን ምን እደብቅሃለሁ።

ቪዲዮ ቤታችንን አከራየሁት። አትቆጣ። የተከራየው ሳምሶን የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ስልክ ይጠግናል፣ ለሰው ፊልምና መዝሙር በፍላሽ ይጭናል። መስኮቱ ላይ የቸነከርካቸውን ብርድ ልብሶች ነቅሎ ሲጥላቸው እዚያ ክፍል ውስጥ ፀሐይ ስትገባ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ግድግዳው እንዴት አስቀያሚ ኖሯል! ያንን ሁሉ ዓመት ሰው ዓይኑን የጣለው ቴሌቪዥኑ ላይ ሆኖ እንጂ አንድ ቀን የሚመጣ አልነበረም። ተራኪ ሆነህ የምትቀመጥበት ወንበር ግን አብሮ አልተከራየም፤ እኔ ጋ ነው።

ያ እንግሊዛዊ መምህር አገሩ ሲገባ ትቶልህ የሄደውን ካርቶን ሰሞኑን አውርጄ አቧራውን ጠረግኩለት። የሚበዛው ካሴት ጥቁርና ነጩ ነው፤ በአገራቸው ቴሌቪዥን በየሳምንቱ ይታይ የነበረው፣ በዘመን ውስጥ ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚጓዘው ሰውዬ። ከሥር ደግሞ ያንኑ ታሪክ ለሲኒማ ብለው በቀለም የሠሯቸው ሁለቱ አሉ። ለትልቅ ስክሪን የተሠራውን አንተ ጫፏ በተሰነጠቀች ቴሌቪዥን ለዲላ አሳየህ፤ ማንም አነሰችብን ያለ የለም።

በእነዚህ ፊልሞች ስንት ቀን ተጣላን! የቴሌቪዥኑ ሰውዬ እንደኛ ሰው አይደለም፤ ሊሞት ሲል ፊቱን ቀይሮ ሌላ ሰው ሆኖ ይነሳል። የሲኒማው ግን ዝም ብሎ ሽማግሌ ነው፤ የልጅ ልጅ ያለው፣ መጓጓዣውን ራሱ ጓሮው ውስጥ ቀጥቅጦ የሠራ። አንተ የሲኒማውን መረጥክ። መሃል ላይ ፊቱ ቢቀየርባቸው የታለ ሽማግሌያችን ብለው ወንበር ይሰብሩብኛል አልክ። ደግሞስ የማይሞት ሰው ቢጋፈጥ ምኑ ይደንቃል አልክ። እኔ ደግሞ ፊቱ ቢቀየርስ ምን አለበት፣ ተመልሶ ይምጣ እንጂ እያልኩ እሞግትህ ነበር። ዘመዶቻችን ይመስል ምሳችን እስኪቀዘቅዝ በእነሱ እንነታረካለን።

አንተ ከሄድክ በኋላ ክርክሩን ብቻዬን ቀጠልኩበት። የመጀመሪያው ሰሞን መናኸሪያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር የሰው ፊት አይ ነበር። የማላውቀው ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ያየኝ እንደሆነ ቆም እላለሁ። አንዱ ከይርጋጨፌ መኪና ሲወርድ እንዳንተ ሳቀና ተጠግቼ ፊቱን አየሁት። ሰውዬው እናቴ፣ መንገድ ጠፋብሽ ወይ፣ የት ልሂድ ብለሽ ነው አለኝ። እኔም አዎ ብዬ አለፍኩ።

አተራረክህን አልረሳሁም። ድምፁን ታጠፋና በአማርኛ ትጀምራለህ፣ ነገሩ ሲጦፍ ሳይታወቅህ ወደ ጌዴኦኛ ትገባለህ። ከውጭ ጠባብ ከውስጥ አዳራሽ የሆነችውን የሽማግሌውን መጓጓዣ የዘበኛ ቤት አልካት፤ የሚንከባለሉትን ክፉ ብረቶች በርሜሎች አልካቸው፤ አገሩ ሁሉ እንደዚያው ብሎ ቀረ። በርሜሎቹ የከበቧቸው ሰላማዊ ሰዎች እንዋጋ አንዋጋ ብለው ሲመክሩ ደግሞ ከዛፍ ሥር ሶንጎ አስቀመጥካቸው፤ ሽማግሌዎቻችን እንደሚቀመጡት፣ በተራ እየተናገሩ። ፊልሙ ላይ ዛፍም አልነበረ። ሁለቱንም ፊልሞች አስቀድመህ ለእኔ ትተርክልኝ ስለነበር በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ሰው ሲገባ የእኔ ቦታ ከበሩ ውጭ ነው፤ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ በሩን እይዛለሁ። አንዴ ከተጀመረ በሩ አይከፈትም፤ ብርሃን ይገባልና።

ያልነገርከኝ ሦስተኛውን ብቻ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው ፊልም እንዳለቀ ሰው አልወጣም አለ። ሦስተኛውን አምጣ ብለው ጮኹ። የለም ብትላቸው ማን ሊሰማህ! እዚያው ጭቅጭቅ ላይ እያላችሁ መብራት ጠፋ። እኔ ውጭ ሆኜ አሁን ገፍተውኝ ይወጣሉ ብዬ በሩን ጠበቅኩ፤ ማንም አልመጣም። ለካ በዚያ ጨለማ ውስጥ ያልተሠራውን ፊልም ጀምረህላቸዋል። ያንን ክፍል እንደዚያ ፀጥ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ የዲላ ዝናብ ደግሞ ያን ጊዜ ጠብቆ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ድምፅህ እንዳለ ይሰማኛል፣ ምን እንደምትል ግን አይሰማኝም። ብዙ ቆይቶ መብራት መጣና ሆ ብለው ወጡ።

ማታ ራት ላይ ንገረኝ አልኩህ። ላንቺ ብቻሽን፣ መብራት ሲጠፋ እነግርሻለሁ አልክ። ከዚያ በኋላ መብራት ስንት ጊዜ ጠፋ! በጠፋ ቁጥር አሁንስ እልሃለሁ፤ ዛሬ አይደለም፣ እሱን ከነገርኩሽ ምን ይቀረኛል ብለህ ትስቃለህ። የእኛ ጨዋታ ሆኖ ቀረ። እኔም አልቸኮልኩም። በመጨረሻ ሕመሙ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የወሰደብን ድምፅህን ነው። አንድ ቀን ተኝተህ ሳለ መብራት ጠፋ፤ እጄን ይዘህ ጨበጥ አደረግከው። ምን ልትል እንደፈለግክ አውቄያለሁ። በርታ፣ ስትድን ትነግረኛለህ አልኩህ።

ሰሞኑን ታዲያ ሳምሶንን ያንን ፊልም ፈልግልኝ አልኩት። እንደሌለ እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት፤ ሰው ሲጨንቀው ምን ይጠይቃል ብለህ ታስባለህ? ስልኩን ሲጎረጉር ቆየና እናቴ፣ የቴሌቪዥኑ አዲስ አዲስ ፊት እየተተካ ዘልቋል፣ ለሲኒማ ግን የድሮው ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ሦስተኛው ሳይሠራ ቀርቷል አለኝ። ይህን ሲል አናጢው አቶ በቀለ ስልኩን ሊያሠራ ቆሞ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ከሆነ ወዲህ ቪዲዮ ቤት መግባቱን የሚያነሳበት ሰው አይወድም፤ ያን ዕለት ግን ራሱ አነሳው። ውሸት ነው! ሦስተኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በቀለም ነው፣ በርሜሎቹ በይርጋጨፌው አሪቻ በኩል እየተንከባለሉ ወርደው ቡና ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ሲወድቁ አይቻለሁ አለ። ሳምሶን በእንግሊዝ ፊልም ላይ አሪቻ ምን ያደርጋል ብሎ ሳቀ። አቶ በቀለ ስልኩን ሳያሠራ ተቆጥቶ ወጣ። እኔም ስቄ ስቄ፣ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ። በጨለማ ያወራኸውን ሰውዬው በቀለም አይቶታል። ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከተማው በሙሉ የያዘው ነገር እኔ የለኝም።

ከዚያ ወዲህ እየዞርኩ እጠይቃለሁ። አቶ በቀለን ቤቱ ድረስ ሄጄ አባበልኩትና የሚያውቀውን ነገረኝ። ከዱመርሶ ቆጮ እያመጣች ገበያ የምትሸጠው አስቴርም ያን ቀን ገብታ ኖሯል። እሷ እንደምታውቃት በአማርኛ ወንዱንም ሴቱንም አንድ አድርጋ ነው የምታወራው። ሽማግሌው ሚስት አለው፣ ሚስቱ በር ላይ ቁጭ ብሏል፣ በርጩማ ላይ፣ ይጠብቀዋል አለችኝ። ሽፌ፣ በሁለቱም ፊልሞች ሽማግሌው ሚስት የለውም። ቆጮዬን ረስቼ ቤቴ ገባሁ።

ከሁሉም ለቃቅሜ ታሪኩን እዚህ ድረስ አደረስኩት። በርሜሎቹ ተሸንፈዋል። የዘበኛ ቤቷ ግን ደክማለች፤ የቀራት አንድ ጉዞ ብቻ ነው። ሽማግሌው ወይ ወደ ቤቱ፣ ሚስቱ ወደምትጠብቅበት በር ይመለሳል፤ ወይ ማንም ወዳልደረሰበት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ከሄደ መመለሻ የለውም። ገባ። መዘውሩን ያዘ። ከዚያስ ስላቸው ሁሉም እዚያው ላይ ይቆማሉ። አቶ በቀለም አስቴርም ሌሎቹም የነገሩኝ አንድ ነው። ከዚያማ መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑ ዥ አለ፣ ሰው ሁሉ ጮኸ፣ አጨበጨበ፣ አንተም ሳቅክና ተነሳህ። የት እንደሄደ የጠየቀ የለም።

እኔ ልጨርሰው ሞከርኩ። ወንበርህ ላይ ተቀምጬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሽማግሌውን ወደ ቤቱ መለስኩት፤ ሚስትየውን ከበርጩማው አስነሳኋት። የራሴ ድምፅ ስለሆነ አላመንኩትም። ወደ ፊት ልልከው ደግሞ አፌ እንቢ አለኝ። ስለዚህ መዘውሩን እንደያዘ ትቼዋለሁ።

ለትግስት የለቀምኩትን ሁሉ ነግሬያታለሁ፣ አባቷ ምን እንደሠራ ትወቅ ብዬ። ሐዋሳ የማልሄደው ለምን እንደሆነም ያን ጊዜ ገባት መሰለኝ፤ እዚህ እኛ ጋ መብራት ብዙ አይጠፋም አለችኝ። ላንተ ያለኝ ቃል ይኸው ነው። ዲላ መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ አልፈልግም። በርጩማዬን አምጥቼ ከወንበርህ አጠገብ ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ። መብራቱ ሲመጣም፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲንጫጫ፣ እኔ ቶሎ ዓይኔን አልገልጥም። ትንሽ እቆይልሃለሁ፤ ምናልባት አልጨረስክ እንደሆነ።

በር ጠባቂህ
አልማዝ