የናስራ እጢ ነቃች

ለውድ እናቴ፣

ሰላምና ጤና ካለሽበት ይድረስሽ እማዬ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ብርዱ ለቀቃችሁ? አባባስ ሳሉ ተወው? እኔና ጓደኛዬ ናስራ ደኅና ነን። በስልክ "ደኅና ነን" ስልሽ ለአፌ ያህል ነበር። ዛሬ ግን አስቤበት ነው የጻፍኩት፤ አልሐምዱሊላህ።

ናስራ የታመመች ጊዜ "ፎቶዋን ያየ ሰው በዓይኑ በላት" ብለሽ ነበር። ዓይን አልነበረም። እዚህ ሙሽራ ካልወፈረች አታምርም ይላሉ። ሠርጓ ሲቃረብ የሰፈሩ ሴቶች የማወፈሪያ ኪኒን ሰጧት። ጉንጯ ሞላ። ፎቶውን የተነሳችው ያን ጊዜ ነው፤ አንቺም "ኸርጡም ተስማማት" አልሽ። ከዚያ በቃኝ ብላ በአንድ ቀን አቆመችው። ማስመለስ። መዝለፍለፍ። ወባ መስሎን የወባ መድኃኒት ሰጠናት። አሠሪያችን ሀጃ "ሙሽራ ስትሆን ሥራ ጠላች" እያለች ታሾፍባት ነበር፤ ወለሉ ላይ እስክትወድቅ ድረስ።

ሐኪሟ አስረዳችን። ከኩላሊት በላይ አንዲት ትንሽ እጢ አለች፤ ሰው ሲታመም፣ ሲደክም የሚቆመው በእሷ ነው። እሷን የምታዝ ሌላ እጢ ደግሞ ከአንጎል ሥር አለች። ኪኒኑ ሥራቸውን ሲሠራላቸው ሁለቱም ተኙ። መድኃኒት እየወሰደች፣ ቀስ በቀስ እየቀነሰች ትጠብቅ፤ ከዚያ በምርመራ ይታያል አለች። ባይነቁስ አልኳት። ዕድሜዋን ሙሉ በመድኃኒት ትኖራለች አለች። እጮኛዋ አብዱልወሃብ ይህን ሲሰማ "እኔ የማገባው ሰው ነው ወይስ በግ? ማን ወፍሪ አላት?" ብሎ ተቆጣ።

ማክሰኞ ተመረመረች። የጠዋቱን መድኃኒት ሳትውጥ መሄድ ነበረባት። እናንተ ባጃጅ በምትሉት ረክሻ ውስጥ ከንፈሯን አያለሁ፤ ዓይኗን አያለሁ። ብትወድቅ ብዬ ኪኒኗን በመዳፌ ጨብጫለሁ። ደም ቀዱ። እጢዋን የሚቀሰቅስ መርፌ ወጓት። ጠብቀው እንደገና ቀዱ። ሰውነቷ ውስጥ በር እየተንኳኳ ነው፤ እኔ ከውጭ ቆሜያለሁ፤ ምንም አይሰማኝም። ናስራ ግን "የገረጣሽው አንቺ! መርፌው ላንቺ ይሻል ነበር" ብላ ሳቀችብኝ። መዳፌን ስከፍት ኪኒኑ በላቤ ቀልጧል።

ውጤቱ ትናንት ደረሰ። ሐኪሟ አየችውና "ኸላስ፣ ነቅታለች፤ መድኃኒቱን አቁሚ" አለች። የታዛዧ መንቃት የአዛዧም መንቃት ነው አለችን። ናስራ እዚያው እልል አለች! ወረፋ የያዙት ሴቶች ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀብለው እልልታውን አቀለጡት።

እኔ አሁንም እፈራለሁ። ዛሬ ጠዋት እርጥብ ልብስ ተሸክማ ወደ ጣራ ስትወጣ እንደ ልማዴ ከኋላዋ ልከተላት ብል ጥላኝ ወጣች። ከላይ ሆና "ያላ! ምን ትጎተቻለሽ?" አለችኝ።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ወንድሜን ጂብሪልን ናፍቄዋለሁ በይው። እህቴ ሉጥፊያ እዚህ የመምጣት ሐሳብ ካላት፣ ማንም ወፍሪ ብሎ ኪኒን ቢሰጣት እንዳትቀበል ምከሪያት። የተላለፈው ሠርግ ኢንሻአላህ ከረመዳን በኋላ ነው። ሙሽራዋ ቀጭን ናት፤ ቀሚሷን አጥብበነዋል።

ልጅሽ ፋሪሃ
ኸርጡም፣ ሪያድ ሰፈር
የካቲት 20 ቀን 2014 ዓ.ም.