በአንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢ

ሰኞ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ነቀምት

ዛሬም ሦስት ሱቅ አዳረስኩ። ዛሬም ባዶ ኪስ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ የገበያው ጭቃ ጫማዬን ከእግሬ ሊያወልቅ ይታገለኛል። አንዱ ባለሱቅ የወጥ ቤት ቢላዋ አውጥቶ ያሳየኛል። ሰንጢ ነው የምፈልገው አልኩት፤ የሚታጠፍ፣ ኪስ የሚገባ፣ በአንድ እጅ የሚከፈት። ሁለት እጅ አለህ አይደል፣ በአንዱ ምን አስቸኮለህ አለኝ። ቢላዋውን መለስኩለትና ወጣሁ።

ደብተሬ፣ ካለፈው ሳምንት ወዲህ አልጻፍኩብሽም። እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። አሁን ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ረቡዕ ዕለት ከቢላ ከተማ ወዲያ የተበጠሰውን የስልክ ሽቦ ልንቀጥል ወጣን፤ እኔና ኦቦ ፈይሳ። ፈይሳ የመስመራችን አለቃ ነው፤ ምሰሶ መውጣት ያስተማረኝ እሱ ነው። ወንዙ ሞልቷል። ሽቦ የጫነችው በቅሎ አልገባም አለች። ፈይሳ ገመዷን ግራ እጁ ላይ ጠምጥሞ ከፊት ገባ፤ እኔ ከኋላ። መሀል ስንደርስ እግሯ ከዳት፤ ውሃው ወሰዳት። ገመዱ እጁ ላይ ጠበቀ፤ እሱንም ይዛው ልትሄድ።

በግራ እጄ ቀበቶውን ያዝኩ፤ እግሬን ከድንጋይ ጋር አጣበቅሁ። ቀኝ እጄ ነፃ ነው። ሰንጢው ኪሴ ነው። አወጣሁት። ግን ሰንጢ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ እጀታውን፣ አንዱ ስለቱን። ቀበቶውን ብለቅ ፈይሳ ይሄዳል። በጥርሴ ያዝኩት። አዳለጠኝ። ደግሜ ነከስኩት። ከስለቱ ጋር የጥርሴ ስባሪ ወጣ። ገመዱን ቆረጥኩ። በቅሎዋ ሄደች፤ ሰንጢውም ከእጄ አምልጦ ተከተላት። ፈይሳ ቀረ።

ግራ እጁ ግን ያን ያህል ጊዜ ታንቆ ነበር።

የቢላ ሰዎች በቃሬዛ እየተቀባበሉ እስከ መኪና መንገድ አደረሱልን። እዚህ ሆስፒታል ተኝቷል። ሐኪሙ እስኪ እንጠብቅ ይላል።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7

ከሥራ በፊት ሆስፒታል። ጣቶቹ ጠቁረዋል። ሽታ አለው። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ በአስተርጓሚ ተናገረ፦ ከክርኑ በታች ይቆረጥ፤ ካልሆነ ወደ ላይ ይወጣና ይገድለዋል። ፈይሳ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አይሆንም። ሙሉ ሰው ሆኜ ልሙት አለ።

ሚስቱ፣ አዴ ጫልቱ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። አልለመነችውም። ስወጣ እስከ በሩ ተከተለችኝ፤ በኦሮምኛ ዝግ ብላ፦ «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ከውሃው ያወጣኸው አንተ ነህ፤ ከዚህም አንተው አውጣው።»

ምን ብዬ? ሃያ አራት ዓመቴ ነው። እሱ ለእኔ አባት ነው።

ቀኑን ሙሉ መ/ቤት ቁጭ። ከጃንሆይ ሥዕል በታች ሽቦ ስጠቀልል ዋልኩ። ማን ምን እንዳለኝ አላስታውስም።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 8

የዓረቡ የሳልህ ሱቅ። እስካሁን እዚያ ያልሄድኩት ፈይሳ ሁልጊዜ የሚገዛው ከእሱ ስለሆነ ነው፤ መጠየቁን ፈርቼ። እንደፈራሁት መጀመሪያ የጠየቀኝ ያንኑ ነው፤ ፈይሳ የት ጠፋ? ነገርኩት። ሚዛኑ ላይ ያለውን ስኳር እንዳለ ትቶ ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ ጨርቅ ይዞ ነበር። ባንኮው ላይ ዘረጋው። ሰንጢዎች።

አንዱ የቀንድ እጀታ ያለው፣ ስለቱ አጭርና ወፍራም፣ ሞላው ጠንካራ። ጥፍሬ እስኪታጠፍ ድረስ አልከፈት አለኝ። አንዱ ባለብዙ ነገር፣ ቡሽ መንቀያ፣ ቆርቆሮ መክፈቻ፤ ከባድ ነው፤ ኪስ ይጎትታል። ሦስተኛው ቀጭን፣ የነሐስ እጀታ። ግራ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ አውራ ጣቴን አስደገፍኩት። ተከፈተ! ደስ ብሎኝ ገመድ ስጠኝ አልኩት። ትንሽ ቆረጠ፤ ጫን ስለው ስለቱ ተመልሶ ታጠፈና ጣቴን ነከሰኝ። ደም። ሳልህ ጨርቅ አቀበለኝ። ቀስ ብሎ፣ እንደሚያዝን ሰው፣ ሞላው የላላ ሰንጢ ለመክፈትም ለመዝጋትም ፈቃድ አይጠይቅህም አለኝ።

ታዲያ ሰገባ ያለው ጩቤ ለምን አትይዝም ብሎ ጠየቀኝ። አሰብኩበት። ጩቤ ወገብ ላይ የታጠቀ ሰው ገበሬው ግቢ ሲገባ ውሻ ብቻ አይደለም የሚጮኸው። እኛ ደግሞ የምንኖረው የሰው ግቢ እየገባን ነው፤ ምሰሶው ማሳቸው ውስጥ ነው የቆመው። ሰንጢ ዳቦ ይቆርጣል፣ ሽቦ ይልጣል፣ ከዚያ ታጥፎ ዝም ይላል። ማንንም አያስፈራም።

ቀጭኑን በውሰት ይዤው ወጣሁ። ለምን እንደያዝኩት እንጃ።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 9፣ ከቀኑ 9 ሰ.

አሁን ከሆስፒታል መጣሁ። ተጣድፌ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን ይቅር በይኝ።

ጥቁረቱ የእጁን አንጓ አልፏል። ፈይሳ ትኩሳት አለበት፤ አእምሮው ግን ደህና ነው። አዴ ጫልቱ ቅቅል ድንች በሰፌድ አምጥታለች፤ አይበላም። ትናንት ማታ ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋ። ሰንጢውን አወጣሁ። ግራ እጄን ቀበቶዬ ውስጥ ሻጥ አደረግሁ። ተመልከት አልኩት፤ በአንድ እጅ ሰው ይኖራል።

ሰንጢው ተከፈተ። ድንቹን ልልጥ ጀመርኩ። ድንቹ ሮጠ። ያዝኩት፤ ያኔ ሰንጢው ወደቀ። ሰንጢውን ሳነሳ ድንቹ ከአልጋው ሥር ገባ። ተንበርክኬ አወጣሁት። ሁለተኛ ጀመርኩ። ላቤ መጣ። ሦስተኛውን ድንች ሰባበርኩት። እፍረት ያዘኝ። ላሳየው የመጣሁት እንደሚቻል ነበር፤ ያሳየሁት እንደማይቻል ሆነ።

ቀና ስል ፈይሳ ይመለከተኛል። እጄን ሳይሆን ጉልበቴን።

«አንተ ታዴ» አለኝ፤ «ሞኝ ነህ። በጉልበትህ ያዘው እንጂ።»

በጉልበቴ መሀል ያዝኩት። አልሆነም። እንደዚያ አይደለም አለ። ተቆጣ። እንደ ምሰሶ ላይ ነው የተቆጣኝ፤ ሽቦ አዙሬ ሳስር እንደሚቆጣው። በቀኝ ክንዱ ተደግፎ ተነሳና ተቀመጠ። ድንቹን ተቀበለኝ፤ በጭኑና በታመመው ክንዱ ክርን መሀል ሸጎጠው፤ ሰንጢውን ከእጄ ነጠቀኝ። በቀኙ ላጠው። ቀስ ብሎ። ልጣጩ አልተበጠሰም።

አዴ ጫልቱ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ፈይሳ የላጠውን ድንች ለረጅም ጊዜ አየው። ለሚስቱ ሰጣት። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ሐኪሙን ጥሩት።»


ዓርብ፣ ነሐሴ 10

ጠዋት ቆረጡት። እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። የፍልሰታ ጾም ነው፤ እመቤቴን የቻልኩትን ያህል ለመንኳት። አዴ ጫልቱ በእነሱ በወንጌላውያን ደንብ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። አጠገብ ላጠገብ ነበርን፤ ቃላችን ለየብቻ።

ተረፈ። ገና አልነቃም።

አዴ ጫልቱ እጁን ስጡኝ አለች። አስተርጓሚው ግር አለው፤ ሐኪሙ ግን ወዲያው ገባው። በነጠላዋ ጠቅልላ ተቀበለች። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ግቢያቸው ድረስ ይዛው ሄደች፤ እኔ ጃንጥላ ይዤላት። መኪና አልፈልግም አለች። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ይላታል፤ እሷም ለሁሉም በደንብ ትመልሳለች። ምን እንደያዘች ማን ያውቃል።

ከጓሮ ቡናው ሥር ቆፈርኩ። ትንሽ ጉድጓድ ነው። አንድ ጥቅስ በኦሮምኛ አለች፤ አላለቀሰችም። እኔ አለቀስኩ። ያ እጅ የመጀመሪያ ቀን ምሰሶ ላይ እግሬ ሲከዳኝ ኮሌታዬን የያዘኝ ነው።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11

ነቃ። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ መዳፉ ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ወደ ላይ ነው አለችው፤ ሳታመነታ። ተጠቅልሎ ነበር። ማናችንም አላየንም።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 16

ፍልሰታ። ጾም ተፈታ። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ዳቦ ይዤለት ሄድኩ። ትኩሳቱ ወርዷል። የሌለው እጁ ያሳክከዋል። የት ልከክ ብሎ ጠየቀኝ። ሳቅን። ከዚያ እሱ መሳቁን ትቶ መስኮቱን ያያል፤ የስልኩ ሽቦ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው።


ዓርብ፣ ነሐሴ 24

የመሥሪያ ቤታችን ሹም ቢሮው ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር ሰጠኝ። አንድ እጅ ያለው ሰው ምሰሶ አይወጣም፤ ፈይሳ ከመስከረም ጀምሮ ይሰናበታል፤ ደንቡ ነው። የመስመር አለቃነቱ ለእኔ። አዲስ ሰው ከአዲስ አበባ ይመጣልኛል። እስከ ማክሰኞ አስብበትና ንገረኝ አለ።

ደብተሬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን? ደስ አለኝ። አንድ አፍታ ብቻ፤ በሩን እስክወጣ። አለቃ! ለእናቴ ጎጃም ድረስ ወሬው ሲደርስ ታየኝ። ደረጃው ላይ ስደርስ አፌ ውስጥ አፈር አፈር አለኝ፤ ምንም ሳልበላ።


ሰኞ፣ ነሐሴ 27

ፈይሳ ከሆስፒታል ወጣ። ቤት ከመሄዱ በፊት ሳልህ ጋ ውሰደኝ አለኝ። የኮቱ ግራ እጅጌ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሳልህ ከባንኮው ወጥቶ አቀፈው፤ ከዚያ ምንም ሳይጠየቅ ጨርቁን ዘረጋ።

በውሰት የወሰድኩትን ቀጭኑን ከሌሎቹ ሰንጢዎች አጠገብ አስቀመጥኩ። ለአንተ የሚሆነው ይሄ ነው፣ በአውራ ጣት ይከፈታል አልኩት። ከፈተው። ዘጋው። ከፈተው። ጫን አለው፤ ስለቱ ሲታጠፍ አውራ ጣቱን ቶሎ ሰበሰበ። ወደ ሳልህ ገፋው።

«ቶሎ የሚታጠፍ አልፈልግም» አለ። «የቀሩኝ አምስት ናቸው።»

የቀንድ እጀታውን አነሳ፤ ያን ሞላው ድንጋይ የሆነውን። እኔ በሁለት እጄ የታገልኩትን። እጀታውን ብብቱ ሥር አጣበቀ፤ በጣቶቹ ስለቱን ቆንጥጦ ሳበ። አልሆነም። ደገመ። ሳልህ ሊረዳው እጁን ሲዘረጋ በዓይኔ ከለከልኩት። አንድ ገዢ መጥቶ ጨው ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም፤ ቆሞ አብሮን ያይ ጀመር። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ፈይሳ ስለቱን በባንኮው ጠርዝ ላይ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ንቅንቅ አላለም።

ይሄ ይሁን አለ። እኔም የእሱን ዓይነት ወሰድኩ። ለካስ እስካሁን የፈለግሁት ስለ ወንዙ ነበር፤ ያ ቀን ተመልሶ እንዲመጣና እንዳሸንፈው። ያ ቀን አይመለስም። በየቀኑ ግን ሽቦ ይላጣል።

በመንገድ ላይ ስለ መሥሪያ ቤቱ አልጠየቀኝም። አልነገርኩትም። አንድ ምሰሶ ሥር ቆመና ጆሮውን አስጠጋ። ይህ ሽቦ ከዚያ ከኮረብታው ላልቷል፤ ዝናቡ ሲያቆም መሳብ አለበት አለ። ልሳበው አላለም። መሳብ አለበት ነው ያለው።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 28፣ ከጠ. 12 ሰ.

ሁለት ሰዓት ላይ ሹሙ ፊት እቆማለሁ።

የምለውን ሳስብ አደርኩ። ምሰሶ የሚወጣው እኔ ነኝ፤ ድሮም ከባዱን የምወጣው እኔው ነኝ። ፈይሳ ከታች ሆኖ የመሞከሪያውን ስልክ ይይዛል። ሽቦው የት እንደተበጠሰ ሰምቶ ያውቃል። ከዚህ እስከ ቢላ ያለ ገበሬ ሁሉ ወድቆ ያየውን ምሰሶ የሚያቆምልን ለእሱ ሲል ነው፤ ለመንግሥት አይደለም። ይህን ሁሉ እናገራለሁ። ሹሙ ደንቡ ነው ይላል። አውቃለሁ።

እኔንም ሊያሰናብተኝ ይችላል። ለእናቴ ምን እንደምልክ አላውቅም። ፈይሳ ቢሰማ ይቆጣኛል፤ አልነግረውም።

ንግግሬን ጽፌ ሰረዝኩት። ጽፌ ሰረዝኩት። የቀረው ይኸው ነው፦ አለቃነቱን አልቀበልም። ከኦቦ ፈይሳ ጋር ካልሆነ መስመር አልወጣም።

ነጋ። ኮቴን ልልበስ።