ለአባባ ያላስተረጎምኩት ጥያቄ

ሰኞ

ዋሸሁ። ያውም ሐኪም ፊት፣ በሰው ጤና።

የባለቤቴን አባት ክሊኒክ ይዣቸው ሄጄ ነበር። ባለቤቴ ሙሐመድ የሥራ ሺፍት ስለነበረው እኔው ላስተርጉም አልኩ። ሐኪሟ ዶክተር ላን ትባላለች፤ ቬትናም ተወልዳ እዚሁ እኛ ሰፈር ፉትስክሬይ ያደገች ናት። የቤተሰብ ሐኪም ለመሆን ሥልጠናዋን ልትጨርስ ጥቂት ነው የቀራት። ዛሬም አሠልጣኟ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩዋት ነበር። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ እንቅልፋቸው ጠየቀች፤ እኔም ሳልደናቀፍ አስተረጎምኩ። ከዚያ፣ "ሽንታቸው ላይ ደም አይተው ያውቃሉ?" አለች።

ለአማቴ ይህን በየትኛው አፌ? "አባባ፣ ሌላ የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?" አልኳቸው። "አልሐምዱሊላህ፣ ምንም" አሉ። እኔም ለዶክተሯ "የለም" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈች።

ማክሰኞ

አባባ ሱሪያቸውን ራሳቸው ማጠብ ከጀመሩ ሰንብተዋል። "ለሶላት ነው፣ አንቺ አትድከሚ" ይሉኛል። ወሎዬ ሽማግሌ ልብሱን ሲያጥብ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ እያልኩ ለጓደኞቼ ስቄ አውርቻለሁ። ሞኝ ነኝ።

ዛሬ ዝናብ መጣና የተሰጣውን ላስገባ ወጣሁ። ነጩ ሱሪያቸው ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ ቀላ ያለ ነገር አለ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

መልሼ አሰጣሁት፣ እዚያው ዝናቡ ላይ። ያላየሁ እንዲመስል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሳቸው የራሳቸውን ደበቁ፤ እኔስ የማንን ነው የደበቅኩት?

ረቡዕ

ማሪቢርኖንግ ገበያ ልሄድ ነው ብዬ ክሊኒክ ሄድኩ። ሌላ ውሸት። ለዶክተር ላን ሁሉንም ነገርኳት፤ ስነግራት እንግሊዝኛዬ ሁሉ ጠፋብኝ።

አልተቆጣችም። ለካ አሠልጣኟ "ለምን አስተርጓሚ አልጠራሽም?" ብለው ወቅሰዋት፣ ግምገማዋም ላይ ጽፈውባታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ልንገራቸው" አልኳት።

"የኔም ነው" አለችኝ። "ፊትሽን አይቼ ገብቶኝ ነበር። ግን አሠልጣኜ እያዩኝ ስለሆነ መዘግየት ፈርቼ አለፍኩት።"

ከዚያ ስለ እናቷ ነገረችኝ። ቤት ውስጥ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ እንግሊዝኛ አያውቁም። ሐኪም ጋ የምታስተረጉምላቸው እሷ ነበረች፣ ገና ልጅ ሆና። አንድ ቀን ስለ ጡታቸው ሲጠየቁ አፍራ "ደህና ናት" አለች። "በኋላ በሽታው ታወቀ፤ ግን ዘግይቶ" አለችኝ። የዶሮ ሥጋ ፋብሪካ እየሠራች የተማረችው ሕክምናን ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ሐሙስ

"አባባ፣ ዶክተሯ ደግማ ልታይዎት ትፈልጋለች።"

"ምን ረስታ?"

"የረሳሁት እኔ ነኝ።"

ሌላ አልጠየቁኝም። ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አሳፈረኝ።

አርብ

ከጁምዓ በፊት ክሊኒኩ ደረስን። በሩ ላይ አሠልጣኟን አገኘኋቸው። "ሰኞ የዋሸሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ" ብለው ገቡ። ግምገማዋን ይለውጡት አይለውጡት እንጃ።

ዛሬ አስተርጓሚው በስልክ ነበር፤ ወንድ፣ ፊቱ የማይታይ። እኔ ውጭ ቀረሁ። በሩ ተዘግቶ ብዙ ቆየ።

አባባ የሆስፒታል ወረቀት ይዘው ወጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ይመረመራሉ። ምን እንደሚገኝ ዶክተር ላንም ገና አታውቅም።

መኪና ውስጥ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ "ዘሃራ፣ ሱሪውን ዝናብ ላይ መልሰሽ ስታሰጪው አይቼሻለሁ" አሉኝ።

"አፉ ይበሉኝ፣ አባባ።"

"ሰኞም ብትጠይቂኝ እዋሽሽ ነበር" አሉ።

ቤት እንደገባን ባኞ ቤት ውስጥ የነከሩትን ሱሪ አነሳሁና ማሽኑ ውስጥ ከኛ ልብስ ጋር ጨመርኩት። በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። አልከለከሉኝም።