የስፌት መኪናዋ ማርሽ

አማቼ፣ ጉልበትህ እንዴት ሰነበተ?

የእህትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የስፌት መኪና ማርሽ ተሠራልኝ! ልጄ የምትሠራበት ወርክሾፕ ኮምፒውተር የሚያዘው መቅረጫ ማሽን አለ፤ እኛ በሞረድ ሦስት ቀን የምንታገለውን ሻይዬን ሳልጨርስ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ከፕላስቲክ ሲቀርጸው «መጫወቻ ልትሰጪኝ ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። «አባዬ፣ ይሄ መሞከሪያ ነው፤ ከገጠመ ብረቱን እንቆርጣለን» አለችኝ። አልገጠመም! የአሮጌውን ማርሽ የተበላ ጥርስ እንዳለ ለክታው ኖሯል። «እርጅናውን አትቅጂ፤ አዲስ ሳለ እንደነበረው አድርጊው» አልኳት። ሁለተኛው ከመኪናዋ ፈትቼ ይዤው ከመጣሁት ከሌላው ማርሽ ጋር ግጥም ብሎ ዞረ፤ ትንፋሼ ያኔ ተመለሰ። ብረቱ ተቆርጦ አሁን ኪሴ ውስጥ ነው።

መኪናዋን ለብረት ሰብሳቢ ሽጣት ያልከኝን አልረሳሁም። የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ ቤተሰቡን ሁሉ ሳምልኝ። መጥቼ ማርሹን እስክገጥመው የመኪናዋን አቧራ ጥረግ፤ እህትህ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ዝም ማለቱ ይብቃው።