የወይዘሮ ጀማነሽ ተሰማ ሕይወትና የእናታቸው የቃሪያ ዘር

ወይዘሮ ጀማነሽ ተሰማ ከአባታቸው ከአቶ ተሰማ ይፍሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጦቢያ አምባዬ በ1948 ዓ.ም. ሚንጃር ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስላረፉ ከእናታቸው ጋር አዲስ አበባ መጥተው ካዛንቺስ ኖሩ። እናታቸው ያን ጊዜ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው የመጡት የቃሪያ ዘር ነበር።

ወይዘሮ ጀማነሽ ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈር ጨርሰው፣ በጽሕፈት ሙያ ሠልጥነው፣ በ1967 ዓ.ም. ለገሃር አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠሩ። በ2003 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡም በቅንነት አገልግለዋል። በ1972 ዓ.ም. ከአቶ ቢቂላ ገመዳ ጋር በተክሊል ተጋብተው ልደትንና ፍሬአብን ወልደዋል።

ወይዘሮ ጀማነሽን የሚያውቅ ሰው ቃሪያቸውን ያውቃል። በሚኖሩበት የጋራ ግቢ፣ ግድግዳው ሥር፣ በቀለም ባልዲና በዘይት ቆርቆሮ ተክለው የእናታቸውን ዘር ከዓመት ዓመት አቆዩት። ማለዳ ከሥሩ ውሃ ያጠጣሉ፤ ተባይ ሲወጣበት አመድ ይነሰንሱበታል፤ ክረምት ሲገባ በረዶ እንዳይመታው ባልዲውን እያነሱ ጣሪያው ጥግ ያስጠጉታል። ያማረውን ፍሬ ሳይቀጥፉ እስኪቀላ ጠብቀው ለዘር ያስቀራሉ። ጎረቤቱ ከሽሮው ጎን የወይዘሮ ጀማነሽ ቃሪያ ከሌለ ጾም የገባ አይመስለውም ነበር።

ግቢውን የተጋሯቸው ወይዘሮ ደብሪቱ የልደት የክርስትና እናት፣ የእሳቸውም የልብ ወዳጅ ነበሩ። አቶ ቢቂላ በ1998 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ቤት ዘግተው የተቀመጡትን ወይዘሮ ጀማነሽን ጎትተው ፀሐይ ላይ ያወጡት፣ አባብለው ያበሉት ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው። ይህም መነገር አለበት።

በ2014 ዓ.ም. ወይዘሮ ጀማነሽ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው እስኪያገግሙ ሜክሲኮ አካባቢ ፍሬአብ ቤት ሰነበቱ። ቃሪያውን ለወይዘሮ ደብሪቱ አደራ ሰጥተው ነበርና ማታ ማታ ይደውላሉ። ወይዘሮ ደብሪቱም ቃሪያው ደህና እንደሆነ፣ አበባ እንደያዘ፣ ኋላም ፍሬው መቅላት እንደጀመረ ይነግሯቸዋል። ወይዘሮ ጀማነሽ በምርኩዝ መራመድ የተለማመዱት ያን ፍሬ በእጃቸው ለመልቀም ነበር።

ቤታቸው ሲመለሱ ግድግዳው ሥር ያገኙት የወይዘሮ ደብሪቱን ልጅ መኪና ነው። ቃሪያው ከየባልዲው ተነቅሎ የተጣለው ገና ሆስፒታል በገቡ ሰሞን ነበር። ያለፈው ዓመት ዘር ሁሉ ተዘርቶ ነበርና፣ ለዘር የተረፈ አንድ ፍሬ እንኳ አልነበረም። ወይዘሮ ደብሪቱ እያለቀሱ፣ ልጃቸው መኪናውን የሚያቆምበት አጥቶ መሆኑን፣ የዋሹትም በሕመም ላይ ጭንቀት እንዳይጨምሩባቸው ብለው መሆኑን ተናገሩ። ወይዘሮ ጀማነሽ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «መንቀሉንስ እችለው ነበር ደብሪቱ። አበባ ይዟል ስትዪኝ ግን እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር የማድረው» አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አልነፈጓቸውም፤ ደጃቸውን ግን አልረገጡም። ሽማግሌ ገባ፤ የነፍስ አባታቸውም መከሩ። እሳቸው ግን «ልቤ እሺ ሲለኝ እነግራችኋለሁ» እያሉ መለሷቸው። ልደት የቃሪያ ችግኝ ገዝታ ብታመጣላቸው ተንከባክበው አሳደጉት፤ ፍሬውን ግን ለሰው ሰጡት እንጂ አልቀመሱትም። በ2017 ዓ.ም. ግቢው ፈርሶ ላንቻ አካባቢ ልደት ዘንድ ሲገቡም ሁለቱ ወዳጆች ሳይሰነባበቱ ተለያዩ።

ወይዘሮ ጀማነሽ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አረፉ። የሁለት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ሕመሙ ሲጠናባቸው ወይዘሮ ደብሪቱ መጥተው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ጀማነሽ እጃቸውን ሰጧቸው፤ ይቅር ብዬሻለሁ የሚል ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም። ታርቀው ነበር ብለን ብንጽፍ ለሰሚው ደስ ባለ። እሳቸው ግን ደስ እንዲላቸው ተብሎ በተነገረ ውሸት የተጎዱ ናቸውና አንጽፈውም። ወይዘሮ ደብሪቱ ዛሬም ከለቀስተኛው መካከል አሉ፤ እሳቸውንም እግዚአብሔር ያጽናቸው።

የእናታችንን ነፍስ አደራ በማይበላበት አገር፣ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያኑርልን። አሜን።