ከመቶ ብር በላይ

ሰኞ፣ ጥር 9 ቀን 1975

ቀኑን ሙሉ የትምባሆ ቅጠል ስንለይ ዋልን። ጥር ነው ይባላል እንጂ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ወር አያውቅም። እጄን በሎሚ ባሸው ባሸው ጥቁሩ አልለቅ አለ። አጠገቤ የምትሠራው ጣይባ ስታወራልኝ ዋለች፤ ግማሹን እንኳ አልሰማሁም። አሳቤ ሌላ ጋ ነበር… የት እንደነበር እኔም አላውቅ።

ልንወጣ ስንል አለቃችን ጋሼ አሰፋ ጠሩኝ። ‹‹ወገቤ እንቢ ብሏል፣ ሥራ ልለቅ ነው። በቦታዬ አንቺን እንዲያደርጉ ነግሬያቸዋለሁ።›› እኔን?

ዓርብ፣ ጥር 13

ሹመቱ እውነት ሆነ! ከመጪው ወር ጀምሮ የመለያው መጋዘን አለቃ እኔ ነኝ። ደመወዜም ከመቶ ብር ያልፋል። ሴቶቹ እልል አሉልኝ። ጣይባ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ‹‹ማሻአላህ! እንግዲህ እንዳትጮኺብን›› አለች።

ደስታው እስከ ከሰዓት በኋላ እንኳ አልቆየም። የእርጅና ቁጠባችንን የሚሰበስበው ከቢር መጣ። እኛ ኮንትራቶች የመንግሥት ጡረታ ስለሌለን፣ ጉልበት ሲደክም መያዣ ይሁነን ብለን በየወሩ የምናዋጣው ነው።

‹‹እትዬ ውባለም፣ ደንቡን ያውቁታል… ከመቶ ብር በላይ የሚያገኝ ሰው አያዋጣም። እስካሁን ያስገቡትን እንመልስልዎታለን።›› መሬት መሬት እያየ ነው የነገረኝ።

‹‹ታዲያ የመንግሥቱ ጡረታ ይይዘኛል?››

‹‹እሱ ለቋሚ ነው። እርስዎ ኮንትራት ነዎት።››

ከዚያም ከዚህም ወጣሁ ማለት ነው?

ጥር 16

የእርሻው አስተዳዳሪ ጓድ ግርማ ዘንድ ገባሁ። ቋሚ ያድርጉኝ አልኩ። ‹‹እሱ ከበላይ ነው የሚመጣው፣ ታገሺ።›› ጨነቀኝና ‹‹የደመወዙ ጭማሪ ይቅርብኝ፣ ሥራውን ብቻ ልያዝ›› አልኳቸው። ፊታቸው እንዴት በራ! ‹‹እሱማ ይቻላል!››

ለጣይባ ብነግራት ጮኸችብኝ። ‹‹ወላሂ አብደሻል! የአለቃ ሥራ በተራ ሠራተኛ ደመወዝ? ይልቅ ደንቡ ይቀየር በይ። የአባላት ስብሰባ አለ አይደል እንዴ?››

እውነቷን ነው። ግን እኔ በሰው ፊት ተናግሬ አውቃለሁ?

ጥር 21

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ዓለምፀሐይን አየኋት። ድሮ አብራን ስትሠራ ጉልበቷ ደክሞ ከመጋዘኑ የወጣች ናት፤ ያኔ ቁጠባው የሚባል ነገር አልነበረም። ከጣርማ በር የሚወርደው አውቶቡስ ሲቆም እጇን ወደ መስኮቱ ትዘረጋለች። አወቀችኝ መሰለኝ፣ ፊቷን አዞረች። ለምን ሄጄ አልሳምኳትም? ፈርቼ ነው። እሷን ግን አይደለም የፈራሁት…

ልጅ የለኝም። ባሌ አፈር ከለበሰ ቆየ። የእኔም ጉልበት አንድ ቀን እንቢ ይላል። ያኔስ?

ጥር 27

መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። እናገራለሁ። ኧረ ይቅር… አይ፣ እናገራለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 6

ተናገርኩ። በአባላቱ ስብሰባ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ‹‹ደመወዝ ጨመረ ማለት እርጅና ቀረ ማለት አይደለም። ገደቡ ይነሳ›› አልኩ። አጨበጨቡልኝ።

ይሄኔ በእንግድነት የተጠሩት ጓድ ግርማ ከፊት ወንበር ብድግ አሉ። ‹‹የጓድ ውባለም ሐሳብ ትክክል ነው! ለሁላችንም ይነሳ። እኛ የቢሮዎቹም አባል እንሁንና ገንዘቡን በሚገባ እናስተዳድረው።››

የውኃ ሞተር የሚያስነሡት ሽማግሌው ጋሼ ኢብራሂም ከኋላዬ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። ‹‹ልጄ፣ ይህን ገደብ ያወጣነው አንቺን ለማስወጣት አልነበረም። እነሱ እንዳይገቡብን ነው። ጡረታቸውን ይዘዋል፤ የኛንም ከጨበጡት ምን ሊተርፈን?››

እንደገና ተነሣሁ። ‹‹እንግዲያው ጡረታ ለሌለው ሰው ብቻ ይነሳ።››

‹‹ወይ ለሁሉም ነው ወይ እንዳለ ይቆያል›› አሉ ጓድ ግርማ፣ ቆጣ ብለው።

ገደቡ እንዳለ ይቆይ የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። ማንም አልደፈረም። ሁሉም እኔን እኔን ያያል… መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጣይባ አፍጥጣ አየችኝ፣ ከዚያ እሷም አወጣች። ከዚያ ቤቱ በሙሉ።

ምን ነካኝ? በገዛ እጄ እኮ ነው!

የካቲት 8

ጓድ ግርማ ሰላምታዬን አልመለሱም። ሹመቱን ግን ሊነጥቁኝ አልቻሉም፤ ጋሼ አሰፋ ሄደዋል፣ ቅጠሉም እየደረቀ ነው። ‹‹በቀድሞው ደመወዝ እሠራለሁ ብለሽ አልነበር?›› አሉኝ። ‹‹ያኔ ፈርቼ ነው›› አልኳቸው። ሙሉውን ደመወዝ ፈቀዱ።

የካቲት 30

ደመወዝ ወጣ። ሴቶቹ መዋጮ ሊከፍሉ ወደ ከቢር ሲሰለፉ ብቻዬን ቀረሁ። የቆጠብኩትን አንድም ሳያጎድል መለሰልኝ። ያን ያህል ዓመት… እጄ ላይ እንዲህ ትንሽ ነው?

ጣይባ ሰልፏን ትታ መጣች። ‹‹እቤት ካስቀመጥሽው ያልቃል። እናቴ ዘንድ ፍየል ግዢበት።››

እሑድ፣ መጋቢት 11

ካራቆሬ ላይ ከአውቶቡስ ወርደን ወደ ቆላው በእግር ሄድን። የጣይባ እናት እትዬ ሙሚና በላክሁት ብር የገዙልኝን ፍየሎች አሳዩኝ። የእኔ ናቸው! እሳቸው ሊያረቡ፣ ግልገሉን እኩል ልንካፈል ተስማማን። አንዷ እርጉዝ ናት። ወተት ቀዱልኝ፤ ጾም መሆኑን ስነግራቸው ደንገጥ ብለው ቆሎ አመጡ።

ጭንቀቴ አልለቀቀኝም። በሽታ ቢገባባቸውስ? ድርቅ ቢመጣስ? አላስችል ብሎኝ ጠየቅኩ።

‹‹እንግዲህ አላህ ያውቃል›› አሉ እትዬ ሙሚና። ‹‹ፍየሎቹ ቢያልቁም ቤቱ አለ። ስትደክሚ ወዲህ ነይ። እኔ ባልኖር ጣይባ አለች።››

ጣይባ ሳቀች። ‹‹አለቃዬን ልጦር?››

‹‹ምን ያስቅሻል? የምሬን ነው›› አሏት።

ጣይባ ሳቋን አቆመችና እጄን ያዘች። የሁለታችንም እጅ ጥቁር ነው። ‹‹እሺ እማ›› አለች።