ሦስት ቦታ የጎበጡ መስመሮች

ጥቅምት 4
የጋሽ መዳፍን መስታወት ለካሁ። ቀጫጭኑን ጎድጓዳ መስታወት በፋብሪካችን የሚወለውሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከሱ የሚመለሰው ብርሃን ከመለኪያው ብርሃን ጋር ሲገጥም ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ይሰለፋሉ። ቀጥ ካሉ ጉድጓዱ ልክ ነው። የሳቸው ሦስት ቦታ ጎብጧል... ያለፈው ሳምንቱም እንዲሁ። «አይሆንም» ብዬ ፈረምኩ። ስህተቱ የአንዲት ፀጉር ውፍረት አንድ ሺኛ አይሞላም። ይህችን የምታክል ስህተት ሰው ታዋርዳለች?

ጥቅምት 5
አለቃ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «ሦስተኛውም ከተበላሸ ሽማግሌውን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ አዛውራቸዋለሁ። እጃቸው ከድቷቸዋል።»
ራሴን ነቅንቄ አለፍኩ። ለምን?

ጥቅምት 9
ጋሽ መዳፍ ሁለቱን መልሰው ወልውለው አመጡ። ቀጥ ብለዋል፤ አለፉ።
«እጄ ግን እዚያ ቦታ ምንም የለም ይለኝ ነበር፣ እናትዬ።»
«እጅ ይህን አያውቅም፣ ጋሼ።»
«ማሽኑ ባልሽ ነው እንዴ? አንድ ቀን እንኳ ዋሸ አትይም!»
ሳቅን። ከዚያ አዲሱን፣ ሦስተኛውን ጫንኩ። ጎብጧል። እዚያው ሦስቱ ቦታ ላይ... የሰው እጅ እንዲህ ደጋግሞ አንድ ቦታ ይስታል?
አልፈረምኩም።

ጥቅምት 10
መስታወቱን ሩብ ዙር አዞርኩት። ስህተቱ የሱ ቢሆን አብሮት ይዞር ነበር። አልዞረም። ሦስቱ ጉብጠቶች ከሦስቱ የመያዣ ብሎኖች ፊት ለፊት ቆመዋል። ባለፈው ወር አንድ መስታወት ከተንሸራተተብኝ ወዲህ ብሎኑን ከልክ በላይ የማጠብቀው እኔ ነኝ።
አላላሁት። መስመሮቹ ቀጥ አሉ። ደስ አለኝ... ለአንድ ደቂቃ።
ያለፉትን ሁለቱን ብሎኑን አላልቼ ለካኋቸው። አሁን እነዚያው ሦስት ቦታዎች በተቃራኒው ጎድጉደዋል። ደህና የነበሩትን ጋሼ በኔ ቃል አበላሿቸው።

ጥቅምት 11
መጀመሪያ ለጋሼ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «እስቲ አሳይኝ» አሉ። የመስታወቱን ጠርዝ በአንድ ጣት ነካ ሲያደርጉ መስመሮቹ ጎበጡ። ለቀቁት። መስመሮቹ ተመለሱ። እንደገና ነኩት።
«በቃ፣ በጣት?»
«በጣት፣ ጋሼ።»
«አንቺ ደግሞ በብሎን!»
ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ጥቅምት 12
ለአለቃ ጽፌ ሰጠሁ፦ ጥፋቱ የኔ፣ የለኪዋ ነው። ሁለት ጊዜ አነበበው።
«ሽማግሌው ከቦታቸው አይነሱም። ያንቺን ፊርማ ግን ከእንግዲህ ብቻውን አልቀበልም። ሁለተኛው የማን ይሁን?»
«የጋሽ መዳፍ።»
ጠራቸው። የሦስተኛውን መስታወት የልኬት ወረቀት ዘርግቼ ከፊርማዬ ጎን የሳቸውን ቦታ አሳየኋቸው።
«የኔ?» አሉ። መነጽራቸውን ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱ።